ያልተበደሩትን የሚያስከፍል ደብዳቤ፦ የዶሜይን ሬጅስትሪ ኦፍ አሜሪካ ጉዳይ

በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ፖስታ የሚከፍተው ሰው ሌላ ነው፤ ሂሳብ የሚከፍለውም ሌላ። ዌብሳይቱን ያሠራውና የዶሜይን ስሙን፣ ማለትም በየጊዜው የሚታደሰውን የዌብሳይቱን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ያስመዘገበው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ሥራውን ለቆ ሄዷል። ዶሜይን ሬጅስትሪ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ኩባንያ ስማችሁ ሊያበቃ ነውና ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ለሌሎች ሻጮች ደንበኞች እየላከ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረው በእነዚህ ሰዎች መካከል ባለው ክፍተት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ተጎጂው ሞኝ ተደርጎ ይሳላል። እዚህ ላይ ግን የተጎዱት ሂሳባቸውን በወቅቱ የሚከፍሉ፣ ወረቀት የማይጥሉ፣ ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው። ጉዳዩን በዝርዝር ማየት የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩባንያው ማን ነበር?

ስሙን ለሚሰማ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል። አይደለም። የዶሜይን ስም የሚቸረችር የግል ኩባንያ ነው። ስሙ አሜሪካ ይበል እንጂ መሠረቱ ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ ነበር። ደብዳቤው ላይ የሚታየው አድራሻ ግን በኒውዮርክ ግዛት የምትገኘው የበፋሎ ከተማ ናት። በፋሎ የካናዳ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። እንግሊዝ ውስጥ ላሉ ባለዶሜይኖች ደግሞ ያው ደብዳቤ ዶሜይን ሬጅስትሪ ኦፍ ዩሮፕ በሚል ስም ይደርሳቸው ነበር። ዶሜይን ሪኒዋል ግሩፕ የሚል ስምም ነበረው።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ዶሜይን ገበያ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ዶት ኮም የሚሉትን ስሞች በሙሉ በአንድ መዝገብ የያዘው ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሰው ግን በቀጥታ ከቬሪሳይን አይገዛም። መሃል ላይ ሬጅስትራር የሚባሉ ሻጮች አሉ። እነዚህ ሻጮች ፈቃዳቸውን የሚያገኙት የኢንተርኔትን ስሞች ከሚያስተባብረው ከአይካን ነው። ከሬጅስትራሮቹ ሥር ደግሞ በእነሱ ፈቃድ የሚሸጡ ቸርቻሪዎች አሉ። ዶሜይን ሬጅስትሪ ኦፍ አሜሪካ ከእነዚህ ቸርቻሪዎች አንዱ ነበር። ስሙን የሚያስመዘግብለት ባለፈቃድ ሬጅስትራር፣ በኋላ እንደታየው፣ ብራንደን ግሬይ ኢንተርኔት ሰርቪስስ የሚባል የካናዳ ድርጅት ነው። የንግድ ስሙ ኔምጁስ ነው። ይህንን ሰንሰለት አስታውሱት፤ ወደ መጨረሻው ወሳኝ ይሆናል።

ደብዳቤው

ደብዳቤው በኢሜይል ቢመጣ ኖሮ ብዙ ሰው ገና ሲያየው ይጠረጥረው ነበር። የመጣው ግን በፖስታ ነው። ከላይ ባንዲራ መሰል ምልክትና የኩባንያው ስም አለ። ርዕሱ የዶሜይን ስም ማብቂያ ማሳሰቢያ ይላል። ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል። የዶሜይን ስማችሁ ትክክል ነው። የሚያበቃበት ቀን ትክክል ነው። የባለቤቱ ስምና አድራሻም ትክክል ነው። እስከዚህ ቀን ድረስ መልስ ይስጡ የሚል ቀን አለ። ከታች ዋጋ አለ። ለምሳሌ በ2009 አካባቢ በተላኩት ላይ ለአንድ ዓመት 30 ዶላር፣ ለሁለት ዓመት 50፣ ለአምስት ዓመት 95 ይላል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ተቀዶ የሚላክ ክፍል አለ፤ የካርድ ቁጥር መጻፊያና የፊርማ ቦታ አለው።

የጽሑፉ ይዘት ባጭሩ ይህ ነው። ስምዎን ካላደሱ የኢንተርኔት ማንነትዎን ሊያጡ ይችላሉ። ደንበኞችዎና ወዳጆችዎ ሊያገኙዎት ይቸገራሉ። ስለዚህ አሁን ያድሱ፣ አሁን ካሉበት ሬጅስትራርም ወደ እኛ ያዛውሩ። ማዛወር የሚለው ቃል አለ። ተደብቋል ማለት አይቻልም። ግን ማደስ ከሚለው ጎን ተለጥፎ ስለሚመጣ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ማደስን አይቶ ያልፋል።

ከዚያም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ይህ ማስታወቂያ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም፣ ወደ እኛ ለመዛወር ከወሰኑ የተዘጋጀልዎ ቀላል የመክፈያ መንገድ ነው ይላል። ጉዳዩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የአሜሪካ የፖስታ ሕግ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) የሚመስል የሽያጭ ደብዳቤ ኢንቮይስ አለመሆኑን በጉልህ እንዲናገር ያስገድዳል። ሕጉ ይህንን የሚጠይቀው አንባቢው እንዳይታለል ነው። እዚህ ግን ማስተባበያው የላኪው መከላከያ ሆነ። ቅርጹ ክፈል ይላል። ቀኑ ፍጠን ይላል። ተቀዶ የሚላከው ክፍል ቼክህን አዘጋጅ ይላል። በመሃል አንድ መስመር አይደለም ይላል። ሰው የሚከተለው ቅርጹን ነው። በቀን ብዙ ወረቀት የሚያልፍበት ሠራተኛ እያንዳንዱን መስመር እንዲያነብ መጠበቅ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አድራሻውን ከየት አመጡት? ሁኢዝ ከሚባለው የሕዝብ መዝገብ። ያኔ ዶሜይን ያስመዘገበ ሰው ስሙ፣ የፖስታ አድራሻው፣ ስልኩና ኢሜይሉ ለማንም ክፍት ነበር። መዝገቡ ክፍት የሆነው በመልካም ምክንያት ነው። የአንድ ዌብሳይት ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅና ችግር ሲፈጠር ለመጥራት ነው። ነገር ግን የማብቂያው ቀንም እዚያው ስላለ መዝገቡ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የደንበኛ ዝርዝር ሆነ።

ስለ ቀኑ ትንሽ ልቆይ። ደብዳቤው የሚመጣው ስሙ ሊያበቃ ብዙ ወራት ሲቀሩት ነው። ለምን እንዲህ ቀደም ብሎ? እውነተኛው ሬጅስትራር የሚያስታውሰው ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ነው። ዛሬ ባለው የአይካን ደንብ እንኳ ሬጅስትራር የመጀመሪያውን ማስታወሻ እንዲልክ የሚገደደው አንድ ወር ገደማ ሲቀር ነው፤ ሁለተኛውን አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀር። ቀድሞ የመጣው ወረቀት ቀድሞ ይከፈላል። እውነተኛው ማስታወሻ ሲመጣ ደግሞ ሠራተኛው ይህንን ከፍለናል ብሎ ይጥለዋል። በእኔ እይታ የዚህ ዘዴ ብልጠት ከቃላቱ ይልቅ ያለው በቀን አመራረጡ ላይ ነው።

የከፈለ ሰው ምን ያገኛል?

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። የከፈለ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። ዝውውሩ ከተሳካ ስሙ ወደ አዲሱ ሬጅስትራር ይሄዳል፤ በዶት ኮም ዝውውር ጊዜም አንድ ዓመት ይጨመራል። ስለዚህ ገንዘብ ተቀብሎ የጠፋ ሌባ ነው ብሎ መክሰስ አይቻልም። ጉዳዩን ለሕግ አንሸራታች ያደረገውም ይኸው ነው።

ጉዳቱ ግን አለ። አንደኛው ዋጋው ነው። ቬሪሳይን ለአንድ ዶት ኮም ከሬጅስትራሮች የሚቀበለው እስከ 2007 ድረስ በዓመት 6 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በኋላም በየጊዜው የጨመረው በሳንቲም ደረጃ ነው። በ30 ዶላር ያደሰ ሰው ሌላ ቦታ በጣም ባነሰ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ነው የገዛው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዋጋው ይከብዳል። ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ዶሜይናቸውን፣ ኢሜይላቸውንና የዲኤንኤስ አገልግሎታቸውን (ስሙን ዌብሳይቱና ኢሜይሉ ካሉበት ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን) ያገኙት ከአንድ ቤት ነው። ዶሜይኑ ሲዛወር የድሮው ሬጅስትራር የዲኤንኤስ አገልግሎቱን ሊያቆም ይችላል። ያኔ ዌብሳይቱ ይጠፋል። ኢሜይል መግባት ያቆማል። የድርጅቱ ሰዎች ምን እንደተፈጠረ አያውቁም፤ ምክንያቱም ማንም ምንም ነገር ለማዛወር አልወሰነም። የድሮው ሬጅስትራር ጋ ሲደውሉ ስሙ እኛ ጋ የለም ይባላሉ። የት ነው ሲሉ ሰምተውት የማያውቁት ስም ይነገራቸዋል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዶት ኮምን ለማዛወር ኮድ አይጠየቅም ነበር። ፈርሞ የላከው ወረቀት ፈቃድ ነው። በኖቬምበር 2004 ሥራ ላይ በዋለው የአይካን የዝውውር ደንብ ደግሞ ስሙ ያለበት ሬጅስትራር በአምስት ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ዝውውሩ ያልፋል። ደንቡ የወጣው ሬጅስትራሮች ደንበኛን አፍነው እንዳይዙ ነው፤ ዓላማው ጥሩ ነው። ለአሳሳች ደብዳቤ ላኪም ግን በሩን አቀለለለት። በኋላ የማዛወሪያ ኮድ ለዶት ኮምም ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ከበደ። ኮዱን ከድሮው ሬጅስትራር ማምጣት ስለሚያስፈልግ ሰው እዚያ ላይ ቆም ብሎ ለማደስ ኮድ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ይነቃል።

ፍርድ ቤቶቹ

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው ደንበኞቹን ከተነጠቀ ተፎካካሪ ነው። ሬጅስተር ዶት ኮም በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2002 ጥያቄውን በከፊል ተቀብሎ ጊዜያዊ እግድ ሰጠ።

ቀጥሎ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ገባ። ኮሚሽኑ ያቀረበው ክስ ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ፣ ኩባንያው ሰዎች ስማቸው ሊያበቃ ነው ብለው እንዲያስቡ አድርጎ ሬጅስትራር አስቀይሯቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም፣ እኔን ግን ያንገበግበኛል። ዝውውሩ በማንኛውም ምክንያት ሳይጠናቀቅ ቢቀር ኩባንያው የአገልግሎት ክፍያ ብሎ ይቆርጣል፤ ይህንን ግን አስቀድሞ አይናገርም። ነቅቶ የተመለሰ ሰው እንኳ ሳይከፍል አይወጣም ማለት ነው። በዲሴምበር 2003 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ኩባንያው እንዲህ ያለ አሳሳች አነጋገር እንዳይጠቀም ታዘዘ። እስከ 50,000 ለሚደርሱ ደንበኞችም ገንዘብ እንዲመልስ ተወሰነ።

ይህ ልማድ የአንድ የካናዳ ድርጅት ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያኔ የቬሪሳይን ንብረት የነበረው ኔትወርክ ሶሉሽንስ፣ የዶሜይን ንግድ አንጋፋ የሆነው ድርጅት፣ ለተፎካካሪዎቹ ደንበኞች ተመሳሳይ የማብቂያ ማሳሰቢያ ልኳል ተብሎ ተከሷል። በልክሬጅስተር የተባለ ሬጅስትራር በ2002 ባልቲሞር ፍርድ ቤት ወስዶት እግድ አስወጥቶበታል። ከንግድ ኮሚሽኑ ጋርም በሴፕቴምበር 2003 ተስማምቶ ዘግቷል። የገበያው ትልቁ እንዲህ ካደረገ ትንሹ ምን ይፈራል?

አውስትራሊያም ውስጥ ዶሜይን ኔምስ አውስትራሊያ የተባለ ድርጅት በ2004 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተሸንፏል። የእሱ ዘዴ ትንሽ ይለያል። የእናንተን ስም አድሱ አይልም፤ ከስማችሁ ጋር የሚመሳሰል፣ መጨረሻው ብቻ የተለየ ስም በኢንቮይስ መልክ ይልካል።

ከ2003 በኋላ ምን ሆነ?

ደብዳቤዎቹ አልቆሙም። ትእዛዙ አነጋገርን ነው የከለከለው። አነጋገር ደግሞ ይስተካከላል። ማስተባበያው ይገባል፣ ማዛወር የሚለው ቃል ይጨመራል፣ ቅርጹ እንዳለ ይቀራል። ከ2003 በኋላ ዓመታት ባለፉበት ጊዜም ያው ወረቀት ያው ባንዲራ ይዞ በየድርጅቱ ይደርስ ነበር።

ለውጥ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አይካን በ2013 ከሬጅስትራሮች ጋር አዲስ ውል ተፈራረመ። በውሉ ውስጥ የዶሜይን ባለቤቶችን መብት የሚዘረዝር ክፍል ገባ። ባለቤቱ ሐሰተኛ ማስታወቂያ፣ አሳሳች አሠራርና የተደበቀ ክፍያ ሊደርስበት አይገባም ይላል። አሳሳች ማሳሰቢያ የሚለውንም በስም ጠርቶታል። ቸርቻሪ ለሚያጠፋው ጥፋትም ባለፈቃዱ ሬጅስትራር ይጠየቃል።

ያንን ሰንሰለት አሁን አምጡት። አይካን ዶሜይን ሬጅስትሪ ኦፍ አሜሪካን በቀጥታ ሊነካው አይችልም፤ ውል የላቸውም። ብራንደን ግሬይን ግን ይችላል። በጁላይ 18 ቀን 2014 አይካን የብራንደን ግሬይን ፈቃድ ለ90 ቀናት አገደ። እስከ ኦክቶበር 17 ድረስ አዲስ ስም መመዝገብና ከሌላ ሬጅስትራር የሚመጣ ዝውውር መቀበል ተከለከለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቸርቻሪው ባለዶሜይኖችን ለአሳሳች ማሳሰቢያ ማጋለጡ ነው።

ይህ ቅጣት ከቀድሞዎቹ ለምን እንደሚለይ ልንገራችሁ። ፍርድ ቤቱ ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ የሚለውን ነበር የሚከራከረው። አይካን የነካው ደብዳቤው ገንዘብ የሚሆንበትን ነጥብ ነው። ዝውውር መቀበል ካልተቻለ የተከፈለው ቼክ ምንም አገልግሎት ሊሰጥበት አይችልም። ዘጠና ቀን ብዙ አይደለም። የዘገየም ነው፤ ከኮሚሽኑ ትእዛዝ አሥር ዓመት አልፎታል። ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ ቅጣት ነበር። ተቆጣጣሪዎች የቃላት ክርክር ውስጥ ከመግባት ይልቅ ገንዘቡ የሚያልፍበትን ቧንቧ ቢፈልጉ ይሻላል ብዬ የማምነው ይህንን አይቼ ነው።

የደብዳቤው ዝርያ አልጠፋም። ከዚያ በኋላም ኢንተርኔት ዶሜይን ኔም ሰርቪስስ የሚል ስም የያዙ፣ መልካቸው አንድ ዓይነት የሆነ ደብዳቤዎች ለዓመታት ሲላኩ ቆይተዋል። ዶሜይኑን ጨርሶ የማይነኩና ዌብሳይታችሁን ማውጫ ላይ እናስገባ ብለው የሚያስከፍሉም አሉ። እነዚህ ይብሳሉ። የከፈለው ድርጅት ዶሜይኔን አድሻለሁ ብሎ ይቀመጣል፤ እውነተኛው ስም ግን ሳይታደስ ቀኑ ያልፋል። ንግድ ኮሚሽኑ ኢንተርኔት ሊስቲንግ ሰርቪስ የተባለ የካናዳ ድርጅትን በ2008 የከሰሰው በዚህ ዓይነት የሐሰት ኢንቮይስ ነው። በ2010 በተሰጠው ትእዛዝ ላይ የደረሰው ጉዳት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተብሎ ተተምኗል።

በሜይ 2018 የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ሬጅስትራሮች የባለቤቶችን ስምና አድራሻ ከሕዝብ መዝገቡ ሸፈኑ። ከዚያ በፊት የተሰበሰበው ግን ተሰብስቧል። የንግድ ድርጅት አድራሻ ደግሞ ዌብሳይቱ ላይ ስላለ ሌላ ምንጭ አያስፈልግም። የማብቂያው ቀንም አሁንም ለሁሉም ይታያል።

ደብዳቤው እጃችሁ ላይ ካለ

የምታዩት አንድ ነገር ነው፦ ላኪው እናንተ ዶሜይኑን የገዛችሁበት ሬጅስትራር ነው ወይስ አይደለም? ይህንን ለማወቅ ደብዳቤውን ማንበብ አያስፈልግም። የአይካን ሉክአፕ ገጽ ላይ ስማችሁን ጻፉ። ሬጅስትራራችሁ ማን እንደሆነና ስሙ መቼ እንደሚያበቃ ይነግራችኋል። እግረ መንገዳችሁን የስሙን ሁኔታ እዩ። ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ የሚል ካለ ስሙ ተቆልፏል። ከሌለ ሬጅስትራራችሁ ጋ ገብታችሁ ቆልፉት። ከዚያ የሬጅስትራሩን ስም ሂሳብ ለሚከፍለው ሰው ስጡት። በጽሑፍ ስጡት፤ ሠራተኛ ይቀያየራል። ዶሜይን የሚል ቃል ያለበት ሌላ ወረቀት ሁሉ ሳይጠየቅ እንዳይከፈል አድርጉ።

ከተከፈለም በኋላ ጊዜ ሊኖር ይችላል። በቼክ ወይም በካርድ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ባንክ ደውሉ። ኮዱን ካልሰጣችሁ አትስጡ። ዝውውሩ ተጀምሮ ከሆነ ያላችሁበት ሬጅስትራር ኢሜይል ይልካል። በአምስት ቀን ውስጥ አልፈቅድም ብላችሁ መልሱ፤ ይቆማል። ኢሜይሉ የሚሄደው መዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ ስለሆነ፣ አድራሻው የለቀቀ ሠራተኛ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። አምስቱ ቀን ካለፈና ስሙ ከሄደ፣ አዲሱ ሬጅስትራር እስከ 60 ቀን ድረስ ወደ ሌላ እንዳይዛወር ሊይዘው ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ የምታረጋግጡት ዲኤንኤሱ የት እንዳለ ነው። ኢሜይላችሁ የቆመ እንደሆነ መልሱ ያለው እዚያ ነው።